ደንገል፣ ታንኳና የጎብኚ ጥያቄ፦ ከጣና እስከ ቲቲካካ



ለዛሬው ንግግር መነሻ የሆነኝ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። በፔሩ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ፣ በገዛ እጃቸው ከውኃ ተክል በሠሯቸው ተንሳፋፊ ደሴቶች ስለሚኖሩት ስለ ኡሮስ ሰዎች በክፍል ውስጥ ስናነብ፣ በእኛስ አገር እንዲህ ያለ ሕዝብ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። በዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ ደሴቱ የለም፣ ተክሉና ሰዎቹ ግን አሉ አልኳት። ዛሬ ያንን አጭር መልስ ላብራራ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። «ነባር ሕዝብ» የምንለው ስያሜ በእኛ ከተማ የራሱ ታሪክ አለው። ከዚህ አዳራሽ ወደ አዲስ ከተማ ብትወርዱ ያንን ታሪክ በስሙ የተሸከመ ሰፈር ታገኛላችሁ፤ መርካቶን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን የጣሊያን አስተዳደር በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ። ፒያሳን ለአውሮፓውያን ለየ፤ አዲሱን ሰፈር ደግሞ ለአገሬው ሰው መደበና «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የአገሬው ተወላጅ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ሲወጣ ቅጽሉ ወደቀ፣ «መርካቶ» ብቻ ቀረ። ዛሬ በምናለሽ ተራ ወይም በሸማ ተራ የሚመላለስ ሰው የዚያን ቅጽል መኖር አያስታውስም፤ አያስፈልገውምም። ለእኛ ለተመራማሪዎች ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። በዚያ አጠራር አንድ ሰው «ነባር» የሚባለው በራሱ ማንነት አልነበረም፤ ሌላው እንዲቀመጥበት በወሰነለት ቦታ ነበር። ዓለም አቀፉ ሕግ በኋላ ቃሉን በተቃራኒው መንፈስ አነሣው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 169 ነባር ሕዝቦች በመሬታቸው ላይ ስላላቸው መብትና መንግሥት ሊያማክራቸው ስለሚገባበት ሁኔታ ይደነግጋል። ፔሩ ይህንን ስምምነት በ1994 አጽድቃለች፤ ኢትዮጵያ አላጸደቀችም። ይህን ልዩነት በአእምሯችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ተክሉ እንሂድ። ደንገል በእጽዋት ጥናት ከቄጠማ ጋር ከአንድ ቤተሰብ ይመደባል። በዓል በመጣ ቁጥር ገዝተን ቤታችን የምንጎዘጉዘው፣ በቅዳም ሹር ካህናት እያደሉን በራሳችን ላይ የምናስረው ቄጠማ የዚያ የጣና ተክል ታናሽ ዘመድ ነው ማለት ነው። ደንገል ጥልቀት በሌለው ውኃ ዳር ይበቅላል፤ ቁመቱ አራትና አምስት ሜትር ይደርሳል። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭና አየር የታሰረበት በመሆኑ ሲደርቅ ቀላል ይሆናል፣ ይንሳፈፋል። የጥንት ግብፃውያን ብራና ሳይለምዱ የሚጽፉበትን ያገኙት ከዚህ ተክል ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበትን ሣጥን የደንገል ይለዋል። ነቢዩ ኢሳይያስም በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለችው ምድር ሲናገር በደንገል ጀልባ የሚላኩ መልእክተኞችን ያነሣል። ስለዚህ የደንገል ጀልባ በአገራችን ሥነ ጽሑፋዊ ትውስታ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ ሆኖ የቆየው የሚሠራው ሰው ነው።

የጣና ሐይቅ ወለሉ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከፍተኛው ከአሥራ አራት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ጥልቀት የለሽነት ለደንገል ተስማሚ ነው። ታንኳው የሚሠራው ከታጨደና በፀሐይ ከደረቀ ደንገል ነው። ደንገሉ በወፍራም ነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ በልጥ ጎን ለጎን ይጠፈራሉ፤ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከዚያ በላይ ቀዛፊው የሚቀመጥበትና ዕቃው የሚጫንበት ሌላ የነዶ መደብ ይደረጋል። መደቡን ማንሣት ይቻላል፤ ታችኛው ክፍል ውኃ ስለሚጠጣ ላይኛው ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት። ታንኳን ከእንጨት ጀልባ የሚለየው አንድ ጠባይ እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ እንዳይገባበት ተብሎ አልተሠራም። ውኃ ይገባበታል፣ ይወጣበታልም፤ የሚያንሳፍፈው ቅርጹ ሳይሆን የተሠራበት ነገር ራሱ ነው። ስለሆነም ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ መድረቅ ይኖርበታል። እንዲህ እየተደረገለትም ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚሻገሩትን ታንኳዎች ያያችሁ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ታንኳ በዓመቱ መጨረሻ በሌላ እንደሚተካ አስቡ። ይህ ማለት የታንኳ ባለሙያነት አንድ ጊዜ ተምረው የሚያስቀምጡት ሙያ ሳይሆን በየወቅቱ የሚታጨድ ተክልንና የሚያጭድ እጅን ዘወትር የሚጠይቅ ኑሮ ነው ማለት ነው።

በጣና ዙሪያ ታንኳ የሚሠሩና የሚቀዝፉ ብዙዎች ናቸው፤ ገዳማቱም፣ የዘጌ ገበሬዎችም ይጠቀሙበታል። ከዚህ ሙያ ጋር ስሙ ከሁሉ ይልቅ ተሳስሮ የኖረው ሕዝብ ግን ነገደ ወይጦ ነው። ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረውና ሐይቁን እየተዘዋወረ ያጠናው ቺዝማን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ሲጽፍ እነዚህን ሰዎች ደጋግሞ ያነሣቸዋል። ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ ጉማሬ አዳኞች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የታንኳና የቅርጫት ሠሪዎች፣ የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። ጉማሬው ሥጋ ይሰጣቸው ነበር፤ ቆዳው ደግሞ ለጋሻና ለአለንጋ ይፈለግ ስለነበር ከደጋው ኢኮኖሚ ጋር ያገናኛቸው ነበር። አስተውሉ፤ የጉማሬ አለንጋ በባላባቱ እጅ የክብር ዕቃ ነበር፤ የጉማሬ ሥጋ የሚበላው ሰው ግን ከማዕድ ይገለል ነበር። ክርስቲያኑ ጎረቤት ጉማሬና ቅርፊት የሌለው አምባዛ ስለሚበሉ ርኩስ አላቸው። እነርሱ ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሌላው ሙስሊም በዚያው በጉማሬ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተቀበላቸውም። ከሁለት የታወቁ ማኅበረሰቦች መካከል ሆነው የሁለቱንም ማዕድ ሳያገኙ ኖሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጉማሬው ተመናመነ፤ አደኑም ቀረ፤ ምክንያት የተባለው ነገር ጠፍቶ ግን ንቀቱ አልጠፋም። ይህ ለእኔ የጥናታችን ትልቁ ቁም ነገር ነው። መናቅ በምክንያት ተደግፎ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ ሲነሣ ይወድቅ ነበር። «ወይጦ» የሚለው ስም ብቻውን ሲጠራ እንደ ስድብ ስለተለመደ ማኅበረሰቡ «ነገደ ወይጦ» ተብሎ መጠራትን ይመርጣል፤ እኔም በዚህ ንግግር ያንን ለመጠበቅ እሞክራለሁ፤ አልፎ አልፎ የማሳጥረው ጥንታዊ ምንጮችን ስጠቅስ ነው።

ከዚህ በኋላ የማነሣው የቋንቋቸው ታሪክ ነው፤ ጥቂት ጊዜ እወስድበታለሁ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ጎንደር ነበር። አማርኛ ያውቅ ነበር። ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ፣ በአቢሲንያ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ ከሥር የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ይገልጻል። ቋንቋውን ለመመርመር ፈልጎም ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎችን አስጠራ። ሁለቱ ሰዎች በቤተ መንግሥት ቆመው ለተጠየቁት ሁሉ መልስ አልሰጡም። እንደሚሰቀሉ ቢነገራቸውም አልተናገሩም። ብሩስ አይመልሱም፣ አይገባቸውምም ብሎ ተወው።

ይህን ክፍል በየዓመቱ ለተማሪዎች አስነብባለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ዓይነት ሣቅ ይከተላል። ቆም ብለን ስናየው ግን የሚያሥቅ አይደለም። ስለዚያ ቋንቋ ለመጠየቅ የተደረገው የመጀመሪያው የታወቀ ሙከራ የተካሄደው በገመድ ማስፈራሪያ ነበር። ከሐይቁ ዳር ተወስደው ወደ ነገሥታት ከተማ የመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ቃላቸው ሲጠየቁ ጥያቄው ምን መስሎ ታያቸው? በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥት የሚመጣ ጥያቄ ወይ ግብር ነው፣ ወይ ክስ። ዝም ማለታቸው ከሁሉም የተሻለ ብልሃት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በዚያ ሲያልፍ ይህንኑ አረጋገጠ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ጨመረ። አንድ ወይጦ በሞተው የአባቶቹ ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት። ዘፈኑ አልተቀዳም። ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቅም ነበር፤ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስሞች ብቻ ነበሩ፤ እነዚያ በሥራ ላይ ስለሚያገለግሉ ቆይተዋል።

ማርሴል ኮኽን እ.ኤ.አ. በ1939 የግሪዮልን የቃላት ዝርዝር መረመረ። አብዛኛው አማርኛ ሆኖ አገኘው፤ ባዕድ እንዳይረዳው ድምፁ ወይም ትርጉሙ የተጣመመ አማርኛ። ለሃይማኖት ነገር የዐረብኛ ቃላት ነበሩበት፤ ጥቂት የኩሽ ቃላትም ነበሩበት። ምንጫቸው ያልተገለጠለት ስድስት ብቻ ነበሩ። በእኛ ፊደል በግምት ስጽፋቸው፦ ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት ነው፤ ቅንጣት ክንፍ፤ ጭግምቢት ወባ አምጪዋ ትንኝ፤ አነሳ ትከሻ፤ እንኪየስ የጉማሬ ጭን፤ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ። ከአንድ ሙሉ ቋንቋ የተረፈው ይህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1965፣ አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ፍሬደሪክ ጋምስት ሲደርስ በአደንና በዓሣ ሥራ እንኳ አንድም የቀረ ነባር ቃል አላገኘም።

በእነዚህ ስድስት ቃላት ላይ ተመሥርተው ሊቃውንት ቋንቋው ከምን ወገን እንደሆነ ተከራክረዋል። ጋምስት አገውኛ ሳይሆን አይቀርም አለ። ቤንደርና በኋላም ዲመንዳል የኩሽ ቋንቋ የመሆኑን ዕድል አጠናከሩ። ኮኽን አገውኛ ወይም ከአማርኛ የተለየ ሴማዊ ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል አስቦ ነበር። ክርክሩን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በስድስት ቃላት የቋንቋ ዘር መቁጠር በአንድ ጡብ ስለ ፈረሰ ቤት ፕላን እንደ መከራከር ይሆንብኛል። ከዚያ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የቃላቱ ዓይነት ነው። ቅርፊት፣ ትንኝ፣ የጉማሬ ጭን። ቋንቋ ሲሞት የሰላምታና የሥልጣን ቃላት ቀድመው ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም እነዚያን ከበላዩ ካለው ሰው ጋር ይነጋገርባቸዋል። የመጨረሻዎቹ ቃላት የሚቀሩት ሌላው ሰው በማይገባበት ሥራ ላይ ነው። የተጣመመውንም አማርኛ በዚሁ ዓይን ልናየው ይገባል። የራሱን ቋንቋ ያጣ ሕዝብ በተዋሰው ቋንቋ ውስጥ እንደገና የራሱን መደበቂያ ሠራ። የብሩስ ዝምተኞች የልጅ ልጆች እንዲህ ነበሩ።

አሁን ወደ ሌላው ሐይቅ ልሻገር፤ መሻገሪያውም ራሱ ታንኳ ነው። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ በግብፅ ደንገል ከሞላ ጎደል ስለጠፋ ተክሉን ከጣና ሐይቅ አስመጣ። «ራ» የተባለችው የመጀመሪያዋ ጀልባ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ የቡዱማ ባለሙያዎች ተሠርታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሣች፤ ካሪቢያን ሳትደርስ ኋላዋ እየሰመጠ ተተወች። ሄየርዳል አልተወም። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋን «ራ» ያሠራው ከቲቲካካ ሐይቅ ባስመጣቸው የአይማራ ሰዎች ነበር፤ ደንገሉ ግን እንደገና የኢትዮጵያ ነበር። ይህችኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች፤ ዛሬ በኦስሎ በኮንቲኪ ሙዚየም ትታያለች። የሄየርዳልን የታሪክ መላ ምት ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ እኔም ጀልባ መሻገር መቻሉ ሰዎች መሻገራቸውን አያሳይም ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም የጣና ተክል በቲቲካካ ሰዎች እጅ ተጠፍሮ ውቅያኖስ ማቋረጡ እውነት ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ የጣና ታንኳ ሠሪዎች ድርሻ ጥሬ ዕቃ መሆን ብቻ ነበር። ባለሙያነታቸው አልተጠራም።

ቲቲካካ በ3,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በፔሩና በቦሊቪያ መካከል የሚገኝ ሐይቅ ነው። በዚያ የሚበቅለው ተክል ቶቶራ ይባላል፤ እሱም የቄጠማ ቤተሰብ ነው። ኡሮሶች ደሴት የሚሠሩት እንዲህ ነው። የቶቶራው ሥርና አፈር ተያይዞ ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ «ኪሊ» ይሉታል። ይህንን በብሎኬት መልክ በመጋዝ ይቆርጡታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ካስማ ተክለው በገመድ ያያይዙታል፤ ከላዩ የታጨደ ቶቶራ አንዱን ንብር በአንዱ ላይ አመሳቅለው ይደራርባሉ። ከሥር እየበሰበሰ ስለሚሄድ ከላይ ያለማቋረጥ አዲስ ይጨመራል። ደሴቱ በነፋስ እንዳይወሰድ በመልሕቅ ይታሰራል። ጎረቤታሞች ሲጣሉ ደሴቱን በመጋዝ ለሁለት ይከፍሉታል የሚል ወግ ለጎብኚዎች ይነገራል፤ ወጉ እውነትም ይሁን ቀልድ፣ ከእኛ የድንበር ክርክር ጋር ሳወዳድረው ያስቀናኛል።

የኡሮሶችና የነገደ ወይጦ ታሪክ ተመሳሳይነት አስደናቂ ነው። እነርሱም የራሳቸውን ቋንቋ ትተው የጎረቤታቸውን አይማራን ተናጋሪዎች ሆኑ። እነርሱም ዓሣና የውኃ ወፍ አዳኞች በመሆናቸው በገበሬው ተናቁ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሆሴ ደ አኮስታ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኡሮሶች ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ ሰዎች ሳንሆን ኡሮሶች ነን ብለው መለሱ የሚል ወሬ አስፍሯል። ጸሐፊው ይህንን የድንቁርናቸው ማስረጃ አድርጎ ነው ያቀረበው። እኔ ግን ከጎንደሩ ዝምታ ጎን አስቀምጬ አነበዋለሁ። «ሰው» የሚለው ቃል ገባሪ ማለት በሆነበት አገር፣ ሰው አይደለሁም ማለት ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ለእናንተ ለፖለቲካ ኢኮኖሚ ተማሪዎች መንገር አያስፈልገኝም። በኋላ ደግሞ እውነተኛ ኡሮስ አልቋል፣ አሁን ያሉት ለቱሪስት የሚሠሩ አይማራዎች ናቸው የሚሉ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት በአንጻሩ ከነዋሪዎቹ መካከል ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ጥንታዊ የዘር ሐረግ ያላቸው እንዳሉ አሳየ። የአንድ ሕዝብ ህልውና በደም ናሙና እስኪረጋገጥ መጠበቁ ግን በራሱ ያሳስበኛል።

እንግዲህ ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ለምን በጣና ተንሳፋፊ ደሴት አልተሠራም? ደንገልም እንደ ቶቶራ ሥሩ ተያይዞ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ነገሩ የተክል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። መልሱን በመሬት ሥሪት ውስጥ እፈልገዋለሁ። የጣና ጽኑ ደሴቶች፣ ዳጋ እስጢፋኖስን፣ ጣና ቂርቆስን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ናርጋ ሥላሴን የመሳሰሉት፣ የገዳማት ናቸው። የዳሩ የእርሻ መሬት የርስተኛው ነበር፤ ርስት ደግሞ ለወይጦ አይታሰብም። በመካከል የቀረው ረግረጉ፣ ማንም የእኔ ነው የማይለው የደንገል ጥግ ነበር። ነገደ ወይጦ በዚያ ጥግ ጎጆውን ቀለሰ። ረግረጉ ማንም እስካልፈለገው ድረስ ከደሴት ያላነሰ መጠጊያ ነበር። ኡሮስ ከወራሪና ከገባር ጠሪ ለመራቅ ወደ ውኃው መሐል ገባ፤ ወይጦ ዳር ላይ ቆየ። ልዩነቱ የታየው ዳሩ ዋጋ ባወጣ ጊዜ ነው።

ዳሩ ዋጋ ያወጣው በእኛ ዕድሜ ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም ተተክሎባት ማደግ ጀመረች፤ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር የወይጦ ጎጆዎች ወደ ጎን ተገፉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓባይ መውጫ ላይ የጨራ ጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ መመጠን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃው እጅግ ወርዶ መርከቦች እስከ መቆም ሲደርሱ፣ የተራቆተውን ዳር ገበሬው አረሰው። «ባሕር ሸሽ» ይባላል፤ ውብ ቃል ነው፣ ነገር ግን ሸሽቶ የተገኘው መሬት ቀድሞ ደንገል የሚታጨድበት ነበር። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። እምቦጭ በዜና የሚቀርብልን የዓሣና የቱሪዝም ጠላት ሆኖ ነው፤ ደንገል አጫጁ በዜናው ውስጥ የለም። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ፤ መልካም ነው፤ ጥበቃ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ፔሩ በ1978 የቲቲካካን የቶቶራ መስክ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ስታደርግ ኡሮሶች የራሳችንን ተክል በፈቃድ ልናጭድ ነው ወይ ብለው ተቃወሙ። ያ ክርክር ለእኛም ትምህርት አለው።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር፤ የሕግ ተማሪዎች በመካከላችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ሰፋ ያለ የጋራ ባህልን፣ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋን፣ የጋራ ህልውና እምነትን፣ የሥነ ልቦና አንድነትን፣ የተያያዘ መልክዓ ምድርን ይጠይቃል። በዚህ መመዘኛ ነገደ ወይጦን አስቀምጡት። ቋንቋው የለም፤ የሚናገረው የጎረቤቱን ነው። መልክዓ ምድሩ የሐይቅ ዳር ቁርጥራጭ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ቁጥሩ 1,631 ሆኖ ተመዘገበ፤ ስሙን መናገር የሚያሳፍረው ሰው በቆጠራ ላይ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን መገመት አያዳግትም። መመዘኛው የተነፈጉትን ነገር አምጡ ይላቸዋል። ቋንቋውን ያጠፋው መገለል ዛሬ ቋንቋ ባለመኖሩ ዕውቅናን ይከለክላል። በፔሩ ቋንቋውን ያጣው ኡሮስ የሚከራከርበት የስምምነት ቁጥር 169 መሠረት አለው፤ በዚያ ስምምነት ማንነትን ለመለየት ራስን በራስ ማወቅ እንደ መሠረታዊ መመዘኛ ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት ይህ ነበር።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ጉብኝት ነው። በኡሮስ ደሴቶች ጎብኚው በጀልባ ይደርሳል፣ የደሴቱ ሊቀ መንበር ይቀበለዋል፣ አሠራሩ ይታየዋል፣ ጥልፍ ይገዛል። ይህን ሁሉ ቴአትር ነው ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አላጣጥለውም። ደሴቱ የእነርሱ ነው፤ ማን ወጥቶ ማን እንደሚወርድ፣ ምን ታይቶ ምን እንደማይታይ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። በባሕር ዳር ጎብኚው ታንኳውን ከሆቴል ሰገነት ላይ ሆኖ ፎቶ ያነሣዋል፤ ቀዛፊው ስለ መነሣቱም አያውቅም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ በዚሁ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው ተጓዥ፣ በደቡብ ኢራቅ ረግረጎች በሸምበቆ ደሴት ከሚኖሩት ዐረቦች ዘንድ በ1950ዎቹ ለዓመታት እየተመላለሰ ኖረ፤ መጽሐፉንም በ1964 አወጣ። ይዞት የሄደው ሣጥን መድኃኒት ስለነበረበት ሰዎቹ ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ ሕክምናው ይቀበሉት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ የሳዳም ሁሴን መንግሥት ረግረጎቹን አደረቀ፤ ነዋሪው ተበተነ። ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ ውኃው በከፊል ሲመለስ የቴሲጀር ፎቶግራፎች ቀድሞ ምን እንደነበረ ለማስታወስ አገለገሉ። ጎብኚ እንዲህም ሊጠቅም ይችላል።

ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ ጣና ለመውረድ የሚያስቡ ተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የቃላት ዝርዝር ይዛችሁ ብትሄዱ ስድስቱን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሰባተኛውን ለማግኘት አትቸኩሉ። ከዚያ ይልቅ ሊመዘገብ የሚችል፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ነገር አለ፤ ደንገሉ ከየት ይታጨዳል፣ በዓመት ስንት ታንኳ ይሠራል፣ ከመርካቶ የሚሄደው የናይሎን ገመድና የፕላስቲክ ዕቃ በቅርጫቱና በልጡ ላይ ምን አደረሰ፣ ሴቶቹ ቅርጫቱን በስንት ይሸጣሉ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ታንኳ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ለዚያ የሚበቃው ቦታ ሰፊ አይደለም፤ ወደ ውኃው የሚያስገባ መተላለፊያና ጥቂት እርምጃ ፀሐይ ያለው ዳር ነው። ሰነዱን ስትሠሩ ይህንን ዳር በካርታ ላይ አስቀምጡት፤ የት የት እንደቀረ፣ የት የት እንደታጠረ ምልክት አድርጉበት። የከተማ ፕላን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የሚያነቡት እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው።